ለኮምቦልቻዋ ተማሪ፦ ሊስፕሽ የዘገየው ኮምፓይለር ስለሌለው ብቻ አይደለም

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ ኮምቦልቻ የሶፍትዌር ተማሪ ናት። ለመመረቂያ ፕሮጀክቷ በሲ ትንሽ የሊስፕ (ሁሉ ነገር በቅንፍ የሚጻፍበት የፕሮግራም ቋንቋ) ኢንተርፕሪተር፣ ማለትም ኮዱን እያነበበ እዚያው የሚያስሮጥ ፕሮግራም፣ ጽፋለች፤ ቁልፍ ቃላቱን በአማርኛ አድርጋቸዋለች። ፊቦናቺ 30ን ለማስላት በጣም ይዘገይባታል። እስከ 100,000 የሚቆጥር ሪከርሽን (ራሱን የሚጠራ ፋንክሽን) ስታስሮጥ ደግሞ «ሴግሜንቴሽን ፎልት» ብሎ ይሞታል። ሰይም የሚለው ቃል ሁሉም ቦታ ይሠራል፣ አትም የሚለው ግን አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ «አላውቀውም» ይላል። አማካሪዋ «ወደ ኮምፓይለር ቀይሪው» ብለዋታል፤ ኮዱን አስቀድሞ ወደ ሌላ ቋንቋ ወደሚተረጉም ፕሮግራም ማለት ነው። እሷም እንዲህ ትጠይቃለች፦ አሴምብሊ (ለማሽን ኮድ የቀረበውን ቋንቋ) ላውጣ ወይስ ሲ? ማክሮ (ኮድ የሚጽፍ ኮድ) እና ጋርቤጅ ኮሌክተር (የማያስፈልግ ሜሞሪን የሚያጸዳው ክፍል) የት ይገባሉ? ኢንተርፕሪተሩንስ ልጣለው?

አብሽሪ እህቴ። ሊስፕ በእጁ የጻፈ ሰው ሁሉ ያየውን ነው ያየሽው። አጭር መልስ ከፈለግሽ፦ ኢንተርፕሪተሩን አትጣይው፣ ኮምፓይለሩ ሲ ያውጣ፣ ጋርቤጅ ኮሌክተሩ ለጊዜው ይቆይ። ረጅሙ መልስ ግን ሌላ ነገር አለበት። ከነገርሽን ሦስት ችግሮች ኮምፓይለር መጻፍ በራሱ የሚፈታው አንዱን ብቻ ነው፣ እሱንም በከፊል። አማካሪሽ ልክ ናቸው፤ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው ማውራት ያለብን።

ከቀላሉ ልጀምር፣ ከአትም።

ኮድሽን አላየሁም፣ ግን ሪደርሽ (ጽሑፉን አንብቦ ወደ ቃላት የሚከፍለው ክፍል) አንድ ቃል የት እንደሚያልቅ ለማወቅ ባዶ ቦታን የሚለየውን የሲ ፋንክሽን «ኢዝስፔስ»ን በየባይቱ እየጠራ ነው ብዬ እወራረዳለሁ። የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ይይዛል። አ የሚጻፈው 225፣ 138፣ 160 ሆኖ ነው። 160 ደግሞ በላቲን የኮድ ሰንጠረዥ «የማይሰበር ባዶ ቦታ» ነው። ስለዚህ የማሽኑ ሎኬል (የቋንቋና የፊደል ቅንብር) በዚያ ሰንጠረዥ የሚሄድ ከሆነ ኢዝስፔስ ሦስተኛዋን ባይት ሲያይ «ባዶ ቦታ ነች» ሊል ይችላል። አ ለሁለት ትቆረጣለች፣ የቀረው «ትም» ብቻውን ይንሳፈፋል። በ፣ ሠ እና ጠም መጨረሻቸው 160 ነው። ሰይም ውስጥ ግን 160 የለችም። ለዚህ ነው አንዱ ቃል ሠርቶ ሌላው እምቢ ያለሽ፤ የእኛን ፊደል መርጦ የሚያጠቃ ስህተት፣ አጃኢብ ነው!

መፍትሔው የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ኢዝስፔስን ተይው። ባይቷ 32፣ 9፣ 10 ወይም 13 ከሆነች ባዶ ቦታ ናት በይ። ቅንፍና ጥቅስን ለይ። ከ127 በላይ የሆነች ባይት ሁሉ የቃል አካል ናት። በቃ፣ ሪደርሽ ስለ ዩኒኮድ ሌላ ምንም ማወቅ የለበትም። እግረ መንገድሽን ባይቱን ምልክት በሌለው ቻር ያዢው፤ ኢንቴል ፕሮሰሰር ላይ ተራው ቻር ምልክት ያለው ስለሆነ 225 የነበረው -31 ይሆንብሻል፣ አርም ፕሮሰሰር ላይ ባለ ሊኑክስ ግን 225 እንዳለ ይቆያል። ስልክሽ ላይ የሠራው ፕሮግራም ላፕቶፕሽ ላይ ሲያብድ ከዚህ ሊሆን ይችላል።

አንድ ሌላ ነገር ይጠብቅሻል። ሰላም እና ሠላም ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ፀሐይን በስንት ዓይነት እንደምንጽፍ ታውቂያለሽ። ሪደሩ አንድ ያድርጋቸው የሚል ፈተና ይመጣብሻል። እኔ አላደርገውም፤ እንደተጻፈ ይነበብ። «አላውቀውም» የሚለው የስህተት መልእክት ግን ተመሳሳይ ድምፅ ያለው ስም ካለ «ይህን ማለትሽ ነው?» ቢል ተጠቃሚሽ ያመሰግንሻል።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ዝግታው። ፊብሽ እንዲህ ያለ ይመስለኛል፦

(ሰይም (ፊብ ን)
  (ከሆነ (< ን 2)
      ን
      (+ (ፊብ (- ን 1)) (ፊብ (- ን 2)))))

ን 30 ሲሆን ፊብ 2,692,537 ጊዜ ይጠራል። ይህ ቁጥር ራሱ ለዛሬ ማሽን ምንም አይደለም። ችግሩ በእያንዳንዱ ጥሪ ውስጥ ኢቫል (ኮዱን የሚያሰላው የኢንተርፕሪተሩ ዋና ፋንክሽን) የሚሠራው ሥራ ነው። ወረቀት አውጪና ቁጠሪ። ወደ ታች በሚወርድ ጥሪ ውስጥ ስም የሚፈለገው 9 ጊዜ ነው (<፣ +፣ -፣ ፊብ እና ን እየተደጋገሙ)፤ መሠረቱ ላይ ባለ ጥሪ 3 ጊዜ። ሲደመር ከ16 ሚሊዮን በላይ ፍለጋ ነው። የስሞቹ ዝርዝር ሊንክድ ሊስት (ከአንዱ ወደ ቀጣዩ እየተሄደ የሚፈለግበት) ከሆነና + መጨረሻው አካባቢ ካለች፣ ማነጻጸሩም በስትሪንግ፣ ፊደል በፊደል፣ ከሆነ፣ ጊዜሽ የት እንደሄደ አወቅሽ ማለት ነው።

ይህ ብቻ አይደለም። ኢቫል ቅንፍ ባየ ቁጥር «አንተ ከሆነ ነህ? ላምዳ ነህ? ሰይም ነህ?» እያለ ይጠይቃል (ላምዳ ስም የሌለው ፋንክሽን ነው)። በዚህ ፊብ ውስጥ ይህ ከ12 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይደርሳል። ከኮምቦልቻ ደሴ በየቀኑ የሚመላለስ ሰው መናኸሪያ በደረሰ ቁጥር የደሴ መኪና የቱ ጋ እንደሚቆም አይጠይቅም፤ ያንቺ ኢቫል ግን መልሱ በማይለወጥ ጥያቄ ቀኑን ሙሉ ይውላል። ፕሮግራሙ እየሮጠ ሳለ የከሆነ ቅንፍ ወደ ላምዳ አይቀየርም እኮ። አንዴ ታይቶ ማለቅ አለበት።

ሊስፕን ኮምፓይል ማድረግ ለእኔ ይሄ ነው፦ የማይለወጠውን ውሳኔ አንዴ ወስኖ ማለፍ። የማሽን ኮድ ማውጣት የዚህ መጨረሻ ደረጃ ነው እንጂ መጀመሪያው አይደለም። ዘለሽ ወደ አሴምብሊ ብትሄጂና ያወጣሽው አሴምብሊ አሁንም ስም በስትሪንግ የሚፈልግ ከሆነ፣ ያው ዝግታ በሌላ ልብስ ይመጣል።

ስለዚህ ከኢንተርፕሪተሩ ሳትወጪ ሦስት ነገር አስተካክዪ።

መጀመሪያ ምልክቶችን ኢንተርን አድርጊ። ሪደሩ ስም ባነበበ ቁጥር ከአንድ ሰንጠረዥ ውስጥ ይፈልገው፤ ካለ ያንኑ ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) ይመልስ፣ ከሌለ ይጨምረው። ከዚያ በኋላ ሁለት ስሞች አንድ መሆናቸውን ለማወቅ ፖይንተር ማነጻጸር ይበቃል። ይህን ሳታደርጊው አልቀረሽም፣ ስለዚህ አልፈዋለሁ።

ሁለተኛው ቁጥሮችሽ ናቸው። ብዙ ሰው መጀመሪያ ሲጽፍ ለእያንዳንዱ ቁጥር ማሎክን (ሲ አዲስ ሜሞሪ የሚጠይቅበትን ፋንክሽን) ይጠራል። እዚህ ፊብ ውስጥ መደመሩና ሁለቱ መቀነሶች ብቻ ከ4 ሚሊዮን በላይ አዲስ ቁጥር ይፈጥራሉ። 4 ሚሊዮን ማሎክ፣ ያውም ማንም ለማይመልሰው ሜሞሪ! መውጫው ታግ ነው። በ64 ቢት ማሽን ላይ ማሎክ የሚሰጥሽ አድራሻ አብዛኛውን ጊዜ በ16 የሚካፈል ነው፤ ስለዚህ የታችኞቹ ቢቶች ሁልጊዜ ዜሮ ናቸው፣ ሥራ ፈት ናቸው። ሦስቱን ቢት ለዓይነት ምልክት ተጠቀሚባቸው። 000 ቁጥር ይሁን፣ 001 ጥንድ፣ 010 ክሎዠር (የተፈጠረበትን ቦታ ስሞች ይዞ የሚዞር ፋንክሽን)፣ እያልሽ።

የዚህ ውበቱ ቁጥር 000 ሲሆን ነው። 5 የሚቀመጠው በ8 ተባዝቶ 40 ሆኖ ነው። 3 ደግሞ 24። ለመደመር ምንም መፍታት አያስፈልግሽም፦ 40 ሲደመር 24 ይሆናል 64፣ ይኸውም 8 ነው። መቀነስና ማነጻጸርም እንዲሁ። ማባዛት ላይ ብቻ አንዱን በ8 አካፍለሽ ትጀምሪያለሽ፤ 5 በ24 ሲባዛ 120፣ ማለትም 15። ቁጥር ለመፍጠር ሜሞሪ መጠየቅ ቀረ ማለት ነው። ሁለቱም ነገሮች ቁጥር መሆናቸውን ለመፈተሽም በኦር አዋህደሽ የታችኞቹን ሦስት ቢት ማየት ይበቃል፣ አንድ ፍተሻ ለሁለቱም። ቁጥሩ ከ61 ቢት ሲያልፍ ምን እንደምታደርጊ ግን አሁኑኑ ወስኚ። ለመመረቂያ ፕሮጀክት «ቁጥሩ በዛ» ብሎ መቆም ያስከብራል፤ ዝም ብሎ የተሳሳተ መልስ መስጠት ግን አያስከብርም።

ሦስተኛው ትልቁ ነው፣ እሱም ኢቫልን ለሁለት መክፈል። የመጀመሪያው ክፍል ቅንፉን አንዴ ያይና ወደ ኖድ ይለውጠዋል፤ ሁለተኛው ክፍል ኖዱን ያስሮጣል። የከሆነ ኖድ ሦስት ልጆች አሉት፣ የጥሪ ኖድ ፋንክሽኑንና አርጉመንቶቹን ይይዛል፣ ሌላም እንዲሁ። «ማን ነህ» የሚለው ጥያቄ እዚህ ያበቃል፤ ኖዱ ላይ ቁጥር ተጽፏል፣ ስዊች ቀጥታ ይወስድሻል።

ስሞቹም በዚሁ ደረጃ ይሞታሉ። ን የሚለው ስም የቅርቡ ላምዳ የመጀመሪያ ፓራሜትር ከሆነ ኖዱ «0 ደረጃ ወደ ላይ፣ 0ኛ ቦታ» ብሎ ይጻፍ። ከውጭው ላምዳ ከሆነ «1 ደረጃ ወደ ላይ» ይበል። ግሎባል ከሆነ የግሎባሉን ሳጥን ፖይንተር ቀጥታ ይያዝ። 16 ሚሊዮኑ ፍለጋ ወደ 16 ሚሊዮን የአሬይ ንባብ ይወርዳል፣ ያ ደግሞ ቀልድ ነው። እዚህ ላይ የምታስቢበት ነገር ቢኖር በፋንክሽን አካል መሃል የሚመጣ ሰይም ነው። አካሉን አስቀድመሽ ቃኝተሽ ለእነዚያ ስሞች ቦታ ካልያዝሽ፣ ቆጠራሽ ይዛባል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ስኮፕሽ ሌክሲካል ከሆነ፣ ማለትም አንድ ስም ማንን እንደሚያመለክት ከኮዱ አጻጻፍ ብቻ የሚታወቅ ከሆነ ብቻ መሆኑን ልብ በዪ። የመጀመሪያው ሊስፕ፣ ጆን ማካርቲ ኤምአይቲ ላይ በ1958 የጀመረው፣ ዳይናሚክ ስኮፕ ነበረው፤ አንድ ስም ማንን እንደሚያመለክት የሚታወቀው ማን ማንን እንደጠራ ሲታይ ነው። ኢማክስ በተባለው የጽሑፍ ማረሚያ ውስጥ ያለው ሊስፕም ሌክሲካል ስኮፕ ያገኘው በ2012 በወጣው ኢማክስ 24 ነው። ቦታውን አስቀድሞ ማወቅ ካልተቻለ አስቀድሞ መወሰንም አይቻልም። ኢንተርፕሪተርሽ ሳታስቢው ዳይናሚክ ሆኖ እንዳይሆን ፈትሺው። ላምዳ ሲፈጠር የነበረውን ኤንቫይሮመንት (የስሞችና የዋጋዎቻቸውን መዝገብ) ካልያዘ፣ ሆኗል።

ይህን ስትጨርሺ ፊብ 30 እንደገና አስሮጪ። ልዩነቱን ራስሽ ታይዋለሽ፣ አንዲትም የማሽን ኮድ ሳትጽፊ። ደግሞ ልብ ብለሽ ካየሽው ኮምፓይለር መጻፍ ጀምረሻል። ከቅንፍ ወደ ኖድ ቀየርሽ፤ ከኖድ ወደ ሲ ጽሑፍ መቀየር የቀረው ክፍል ነው።

የ100,000ው ሞት ግን ከፍጥነት ጋር አይገናኝም። ሊኑክስ ላይ ለአንድ ፕሮግራም የሚሰጠው ስታክ (ያላለቁ ጥሪዎች የሚጠብቁበት ሜሞሪ) በተለምዶ 8 ሜጋባይት ነው። ለ100,000 ጥሪ ሲካፈል ለአንዱ 84 ባይት እንኳ አይደርሰውም። ያንቺ ኢቫል ለአንድ የሊስፕ ጥሪ ሁለት ሦስት የሲ ጥሪ ይጠራል፣ እያንዳንዳቸውም ከዚያ በላይ ይወስዳሉ። ይሞታል።

የምትቆጥሪበት ፋንክሽን የመጨረሻ ሥራው ራሱን መጥራት ከሆነ፣ ማለትም

(ሰይም (ቁጠር ን) (ከሆነ (= ን 0) 0 (ቁጠር (- ን 1))))

ከሆነ፣ ተመልሶ የሚሠራው ነገር የለውም። ስለዚህ ስታክ ላይ የሚጠብቅበት ምክንያትም የለውም። ቴይል ኮል የሚባለው ይህ ነው። (+ 1 (ቁጠር (- ን 1))) ቢሆን ኖሮ ግን መደመር ይቀረው ነበር፣ ስታኩን ይፈልገዋል። ጋይ ስቲል በ1978 በኤምአይቲ የማስተርስ ሥራው ራቢት የተባለውን የስኪም (የሊስፕ ቤተሰብ የሆነ ቋንቋ) ኮምፓይለር ሲሠራ፣ በመጨረሻ ቦታ ላይ ያለ ጥሪ አርጉመንት የሚያሻግር ጎቱ (ዝላይ) ብቻ መሆኑን በተግባር አሳይቷል። ስኪም ይህን በስታንዳርዱ ግዴታ አድርጎታል። ኮመን ሊስፕ አያስገድድም። ክሎዠር የተባለው ቋንቋ ደግሞ በጃቫ ማሽን ላይ ስለሚሮጥ ሙሉውን አይሰጥሽም፤ ሪከር የሚል ልዩ ቃል አለው። አንቺ በስኪም መንገድ ሂጂ።

በኢንተርፕሪተሩ ውስጥ አሠራሩ ቀላል ነው። ኢቫል ትልቅ ሉፕ ይሁን። ከሆነ ሲመጣ ቅርንጫፉን ለማስላት ኢቫልን አትጥሪ፤ «አሁን የማስላው ይህን ነው» ብለሽ ወደ ሉፑ አናት ተመለሺ። ጥሪ ሲመጣም አካሉንና አዲሱን ኤንቫይሮመንት ይዘሽ ወደ አናቱ። ቅድም ስዊች ያልኩሽም ለዚህ ነው። ብዙ ሰው እያንዳንዱ ኖድ የራሱን ፋንክሽን ፖይንተር እንዲይዝ ያደርጋል፣ ያምራል፣ ፈጣንም ነው፤ ግን እርስ በርስ ስለሚጠራሩ ቴይል ኮሉ ያመልጥሻል። አንድ ትልቅ ስዊች አስቀያሚ ቢሆንም ይሻልሻል።

ወደ ሲ ወይስ ወደ አሴምብሊ ላልሽው፣ ሐቁን ልንገርሽ፤ አንዳንድ ነገር በአሴምብሊ ይቀላል። ቴይል ኮል አንዲት የዝላይ ትእዛዝ ናት። ስታኩ ላይ የት ምን እንዳለ አንቺው ስለምትወስኚ ጋርቤጅ ኮሌክተሩ አይቸገርም። አብዱልአዚዝ ጉሉም በ2006 ያቀረበው የታወቀ ዘዴም በቀጥታ ወደ ኢንቴል አሴምብሊ ነው የሚሄደው፤ አንድ ሙሉ ቁጥር ብቻ የሚያወጣ ኮምፓይለር ጽፎ፣ ከዚያ በትንሽ በትንሹ እያሳደገ፣ በየደረጃው የሚሠራ ኮምፓይለር በእጅ ይዞ። የአሠራር ልማዱን ከሱ ውሰጂ። መጀመሪያ 42 የሚያትም ሲ አውጪ። ከዚያ መደመር። ከዚያ ከሆነ። ከዚያ ቫሪያብል። ሪደር፣ ማክሮ፣ ትንተና፣ ኮድ ማውጣት እያልሽ እያንዳንዱን ሙሉ ለሙሉ ጨርሰሽ ወደ ሚቀጥለው ከሄድሽ፣ መመረቂያው ሲደርስ አራት ያማሩ ቁርጥራጮች ይኖሩሻል፣ የሚሮጥ ነገር ግን የለሽም።

ግን ላንቺ ሲ። የወጣውን ፋይል ከፍተሽ ታነቢዋለሽ፣ ዲበገር አለሽ፣ ኢንቴልም ሆነ አርም ላይ ይሮጣል፣ የሲ ኮምፓይለሩ ጂሲሲ ደግሞ የሬጂስተር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ትንሽ ማስቀመጫ) አመዳደቡን በነፃ ይሠራልሻል። ኢንተርኔትም አያስፈልግም፤ እዚህ ደሴ ኔትወርኩ ሲጠፋ የማይቆም ሥራ ቢኖር ይሄ ነው። ቴይል ኮሉን እንዲህ አድርጊው፦ ፋንክሽኑ ራሱን ከሆነ የሚጠራው፣ ፓራሜትሮቹን ቀይረሽ በጎቱ ወደ ራሱ አናት። ሌላ ፋንክሽን ከሆነ ትራምፖሊን፤ ፋንክሽኑ ቀጣዩን በመጥራት ፋንታ «ቀጥሎ ይህን ጥሩ» ብሎ ይመልስና አንድ ሉፕ ይጠራዋል። ጂሲሲ ማሻሻያው ሲበራ ብዙ ጊዜ ይህን ራሱ ያደርግልሻል፣ ግን ቃል አልገባልሽም፤ ባልተገባ ቃል ላይ ቋንቋ አይቆምም። ቺክን የተባለው ስኪም ደግሞ ከሄንሪ ቤከር የወሰደው ጉድ የሚያሰኝ መንገድ አለው፦ የሲ ፋንክሽኖቹ ጨርሶ አይመለሱም፣ ስታኩ ሲሞላ በሕይወት ያለውን ወደ ሂፕ (ማሎክ ሜሞሪ ወደሚሰጥበት ቦታ) ገልብጦ ስታኩን ባዶ ያደርገዋል። አንብቢው፣ ትደነቂያለሽ፤ ለፕሮጀክትሽ ግን አትሞክሪው።

ወደ ሲ ስትሄጂ እውነተኛው ጭንቅላት የሚፈልገው ክፍል ክሎዠር ነው። ይህን ተመልከቺ፦

(ሰይም (ደማሪ ን) (ላምዳ (ሰ) (+ ሰ ን)))

ሲ ፋንክሽን በፋንክሽን ውስጥ የለውም። ውስጠኛው ላምዳ ወጥቶ ራሱን የቻለ የሲ ፋንክሽን መሆን አለበት። ግን ን የሱ አይደለችም፣ ከውጭ የመጣች ናት። ደማሪ ተመልሶ ከጠፋ በኋላ ን የት ትገኛለች? ስለዚህ ለእያንዳንዱ ላምዳ በውስጡ የሚጠራቸውን፣ ፓራሜትሩም ግሎባልም ያልሆኑትን ስሞች ትሰበስቢያለሽ። ላምዳው ሲፈጠር ሂፕ ላይ ትንሽ መዝገብ ይሠራል፤ የመጀመሪያው ቦታ የሲ ፋንክሽኑ ፖይንተር፣ ቀጥሎ የነዚያ ስሞች ዋጋ ቅጂ። እያንዳንዱ የወጣ ፋንክሽንም የራሱን መዝገብ እንደ መጀመሪያ አርጉመንት ይቀበላል። ን ማለት አሁን «ከመዝገቤ 1ኛ ቦታ» ማለት ነው።

ቅጂ ስንል ግን ወጥመድ አለው። ን በኋላ የምትለወጥ ከሆነች፣ አንዱ ቅጂ ይለወጥና ሌላው አሮጌውን ይዞ ይቀራል። ቆጣሪ ክሎዠር ጽፈሽ ሁልጊዜ 1 ከሰጠሽ ከዚህ ነው። ስለዚህ ክሎዠር ከመለወጥሽ በፊት አንድ ሌላ ቅኝት አድርጊ፦ የትኛው ቫሪያብል ዋጋው ይቀየራል? የሚቀየረውን ብቻ ሂፕ ላይ በአንዲት ሳጥን ውስጥ አስቀምጪውና የሳጥኑን ፖይንተር ቅጂ። የማይቀየረው በቀጥታ ይቀዳ። አብዛኛው ቫሪያብል ስለማይቀየር ሳጥኑ ጥቂት ቦታ ብቻ ነው የሚወጣው።

ማክሮ የት ይገባል? ከሪደር በኋላ፣ ከትንተና በፊት። ኮምፓይለሩ ማክሮ የሚባል ነገር ማየት የለበትም፣ ተዘርግቶ አልቆ ነው የሚደርሰው። ነገር ግን ማክሮ ራሱ የሊስፕ ፋንክሽን ነው፣ ፕሮግራሙ ገና ኮምፓይል እየሆነ ሳለ መሮጥ አለበት። ማን ያስሮጠዋል? ኢንተርፕሪተሩ። ይኸው ለመጨረሻው ጥያቄሽ መልሱ። ማክሮ ያለው ሊስፕ በኮምፓይለሩ ሆድ ውስጥ ኢቫል ያስፈልገዋል። ከጣልሽው ማክሮን አብረሽ ጣልሽው።

ከዚህ የሚመጣ አንድ ግራ መጋባት አለ። ማክሮሽ የሚጠራው ረዳት ፋንክሽን እዚያው ፋይል ውስጥ ከተጻፈ፣ ኮምፓይለሩ ወደ ሲ ይቀይረዋል እንጂ አያስሮጠውም፤ ማክሮው ሲጠራው የለም። ኮመን ሊስፕ ለዚህ ኢቫል ዌን የሚል ነገር አለው። አንቺ በቀላሉ የሰይም ቅንፍ ባየሽ ቁጥር በሁለቱም በኩል አሳልፊው፣ ለኢንተርፕሪተሩም ስጪ፣ ሲም አውጪ። የቀሩትን ቅንፎች ሲ ብቻ።

የስም ግጭትንም አስቢበት። ሁለት ቫሪያብል የሚያቀያይር ማክሮ ጽፈሽ ውስጡ ጊዜያዊ የሚል ስም ብትጠቀሚ፣ ተጠቃሚውም ጊዜያዊ የሚል ቫሪያብል ቢኖረው ተበላሸ። ጀንሲም ስጪ፦ ማንም ሊጽፈው የማይችል፣ በሰንጠረዡ ውስጥ የማይገባ አዲስ ምልክት የሚፈጥር ፋንክሽን። የስኪም ንፁህ ማክሮ የራሱ የምርምር ዓለም ነው፣ ለመመረቂያ አትግቢበት።

ጋርቤጅ ኮሌክተር ይቆይ ያልኩት ስለማያስፈልግ አይደለም። ቁጥሮችሽ ታግ ከሆኑ፣ አርጉመንት በሊስት ማስተላለፍ ካቆምሽ፣ ፊብ 30 ከሂፕ አንዲት ባይት አይወስድም። ለብዙ ፈተናሽ ኮሌክተር ሳይኖርም ትደርሻለሽ። አስቀድመሽ ማሰብ ያለብሽ ሌላ ነገር ነው፦ ኮሌክተሩ ሲመጣ በሕይወት ያለውን ከየት ይጀምራል? የሊስፕ ዋጋዎች በሲ ሎካል ቫሪያብል ውስጥ ከተበተኑ፣ አንዳንዶቹ ሬጂስተር ውስጥ ናቸው፣ አታያቸውም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሮ የራስሽን ስታክ፣ አንድ ትልቅ አሬይ፣ ያዢና የወጣው ሲ ዋጋዎቹን እዚያ ያኑር። ትንሽ ፍጥነት ትከፍያለሽ። በምትኩ ኮሌክተሩ አሬዩን ከታች እስከ ላይ ማንበብ ብቻ ይሆናል ሥራው፣ ጥልቅ ሪከርሽን ሲመጣም «ስታክ ሞላ» ብለሽ በክብር መቆም ትችያለሽ። ስልቱ ላይ፣ ማካርቲ በ1960 ጽሑፉ የገለጸው ምልክት አድርጎ መጥረግ ይበቃሻል። የቼኒ የ1970 የመገልበጥ ስልት አጭርና የሚያምር ነው፣ ግን ዕቃ ስለሚያንቀሳቅስ አንዲት የተረሳች ፖይንተር ሌሊቱን ሙሉ ታስቀምጥሻለች።

ኢንተርፕሪተሩን የምትይዢበት ሌላም ምክንያት አለ። ስቲቭ ራስል የማካርቲን ኢቫል አይቢኤም 704 ኮምፒውተር ላይ በእጁ ከጻፈው በኋላ፣ በ1962 ቲም ሃርትና ማይክ ሌቪን ኮምፓይለር በሊስፕ ጻፉ። ያ ኮምፓይለር መጀመሪያ የሮጠው በኢንተርፕሪተሩ ውስጥ ነው፣ ከዚያ ራሱን ኮምፓይል አደረገ። አንቺም ጊዜ ከተረፈሽ ኮምፓይለሩን በራስሽ አማርኛ ሊስፕ ጻፊው። ጊዜ ካልተረፈሽ በሲ ይሁን፣ ማንም አይወቅስሽም።

ኢንተርፕሪተሩ ለፈተናም ይሆንሻል። እያንዳንዱን የሙከራ ፋይል በሁለቱም አስሮጪና ውጤቱን ዲፍ በተባለው ፋይል አወዳዳሪ ፕሮግራም አነጻጽሪ። ከተለያዩ አንዱ ተሳስቷል። መጀመሪያ የምትይዢው ልዩነት የትኛው እንደሚሆን ልገምት፦ (- (ተቀበል) (ተቀበል))። ተቀበል ከኪቦርድ ቁጥር የሚያነብ ፋንክሽን ይሁን። 10 እና 3 ስታስገቢ ኢንተርፕሪተሩ 7 ይላል። ኮምፓይል የሆነው ግን -7 ሊልሽ ይችላል። ሲ ቋንቋ የአንድ ኦፕሬሽን ሁለት ጎኖች ወይም የአንድ ጥሪ አርጉመንቶች በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚሰሉ አይወስንም፣ ለኮምፓይለሩ ትቶታል። ስለዚህ አንዱን የሲ አገላለጽ በሌላው ውስጥ እየከተትሽ አታውጪ። የግራውን መጀመሪያ አስልተሽ ስታክሽ ላይ አስቀምጪ፣ ቀኙን ቀጥሎ፣ መቀነሱን በሦስተኛ መስመር ጻፊው። የወጣው ሲ ይረዝማል፣ ግድ የለም፤ ጂሲሲ ያሳጥረዋል።